ሦስት ወንበር ከጠረጴዛው ማዶ



ሕክምና ለመማር ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ፈልጋችሁ ልምዱን ለመጠየቅ ብትነሱ፣ የሕክምና ተማሪዎችን ማስቸገር ብዙም አይጠቅማችሁም። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም። በአገራችን የሕክምና በር ለብዙው ሰው የሚከፈተው በ12ኛ ክፍል ውጤትና በመጀመሪያ ዓመት ነጥብ ነው። ማንም ፊት ለፊት አስቀምጦ «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» አይላቸውም፤ ውጤቱ ተናግሯል ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ አይገርምም። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ወንፊት ያለፈን ልጅ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ የሚል ጉልበት ያለው የለም።

ቃለ መጠይቁ የሚያገኛቸው ሌሎች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የሐኪም እጥረቱን ለመቀነስ ተብሎ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች መቀበል ጀመሩ። ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የባዮሎጂ መምህር የነበረ ሰው ተመልሶ ሐኪም የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ከወረቀት ፈተና በኋላ ከሰው ፊትም እንደሚቀርብ አስቦ ነው የሚነሳው። የራሳቸውን መግቢያ የሚያዘጋጁ ኮሌጆች አሉ፤ የግሎቹ አሉ፤ የውጭ ስኮላርሺፕም አለ። የዘንድሮውን ጽሑፋችንን ስለዚህ ያደረግነው ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥተው «አለማምዱን» ስላሉን ነው።

እኛ ማለት ሲቪል ምህንድስና የምንማር አራት ልጆች ነን። ሁለታችን ከወልቂጤ፣ ሁለታችን ከቡታጅራ። አራታችንም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተባልን ያደግን ነን፤ በአንዱ ቦርሳ ሒሳብ፣ በሌላው ቁርኣን። ከሕክምና ጋር ምንም የሚያገናኘን ነገር የለም። ወደ እኛ የመጡት የሕክምናዎቹ ልጆች ጊዜ ስለሌላቸውና እኛ ክርክር ስለምንወድ ብቻ ይመስለናል። ዓስር ከተሰገደ በኋላ ባዶ መማሪያ ክፍል እንገባለን፤ በሩን ክፍት እናደርጋለን፤ ሦስት ወንበር ከጠረጴዛው በአንድ በኩል፣ አንድ ወንበር በሌላ በኩል እናስቀምጣለን። ሦስታችን ኮሚቴ እንሆናለን፤ አራተኛችን ሰዓት ይይዛል።

የመጀመሪያዋ እህታችን የጤና መኮንን ናት። ገጠር ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሁለተኛው የባዮሎጂ ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ቁርኣን የሐፈዘ፣ ልጆችን የሚያስቀራ፣ እኛም «ሓፊዙ» የምንለው። ሁለቱም የጽሑፍ ፈተናውን አልፈዋል። የእሱ ውጤት ከእሷ ይበልጥ ነበር።

ቀኑ ምን ይመስላል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቡታጅራም 130 ገደማ። ቀጠሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ከተባለ በዕለቱ ተነስቶ መድረስ የማይታሰብ ነው። ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ያድራል፤ የሌለው አልጋ ይይዛል። (ጉራጌ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ ያጣ እንደሆነ እንኳ የዘመድ ዘመድ አያጣም።) እህታችን አክስቷ ቤት አደረች፤ ከእናቷ የተላከውን ቆጮና ቅቤ ተሸክማ። ጠዋት ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት በፕላስቲክ የያዙ ሰዎች፣ ስም እየጠራች የምትገባ የምትወጣ ጸሐፊ። ሰው ሁሉ ከውስጥ የሚወጣውን ፊት ያነባል። የወጣውን ከበው «ምን ጠየቁህ?» ይሉታል፤ እሱም ሲጨነቅ የተናገረውን ረስቶ የተሳሳተ ነገር ይነግራቸዋል። ከዚያ እነሱ ያልተጠየቀውን ሲያጠኑ ይቆያሉ። እህታችን ይህን አይታ ከአግዳሚው ተነስታ ዱሓ መስገጃ ጥግ ፈለገች፤ አገኘችም።

ውስጥ የሚቆየው ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ለሦስት ዓመት ሥራ፣ ለአራት ዓመት ዲግሪ፣ ለአንድ ቤተሰብ ተስፋ አሥራ አምስት ደቂቃ። የሚጀምረው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ ወይም ስልጥኛ እያወራ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ ተምሮ፣ መድረሳ በዐረብኛ ቀርቶ ላደገ ልጅ እንግሊዝኛ አራተኛው ቋንቋ ነው። ይህን ማንም ከጠረጴዛው ማዶ አያየውም። የሚያየው ልጁ ከመመለሱ በፊት ዝም ማለቱን ነው።

ስለ ዝምታው ትንሽ እንቆይ፤ ሓፊዙን የጎዳው እሱ ነውና።

ሸይኽ ፊት ስንቀመጥ ዓይናችንን እንሰብራለን። አባት ሲናገር ቀና ብሎ ማየት በቤታችን ድፍረት ነው። ጥያቄ ከተጠየቅን በሚበቃው ልክ እንመልሳለን፤ መርዘም ማወቅን ማሳየት፣ ማወቅን ማሳየት ደግሞ ሪያእ ይሆናል ብለን እንፈራለን። ይህ አደብ ነው፤ በዚህ አናፍርም። ግን ከሦስቱ ወንበሮች ሆኖ ሲታይ ሌላ ነገር ይመስላል። የመጀመሪያውን ልምምድ ሓፊዙ ስድስት ጥያቄ በአራት ደቂቃ ጨረሰ። «ስለ ራስህ ንገረን» ስንለው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀበሌና የተመረቀበትን ዓመት ነግሮን ዝም አለ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰዓት ያዡ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ።

መፍትሔ ያገኘንለት ከመድረሳው ነበር። ነሕው የቀራ ሰው ያውቃል፦ አጅሩሚያን ስንቀራ ኡስታዙ አንዲት ቃል ይዞ «ምንድን ናት?» ይላል። ስም። «ምን ሆነች?» መርፉዕ። «ለምን?» ፋዒል ስለሆነች። «ምልክቷ?» ዶማ። «ለምን ዶማ?» ነጠላ ስም ስለሆነች። አንዱን ደረጃ የዘለለ ተማሪ መልሱን ቢያውቀውም አላወቀውም ይባላል። ቃለ መጠይቁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ሳይሆን ወደ መልሱ የሄድክበትን መንገድ ጮክ ብለህ እንድትረግጠው። ይህን ስንለው ሓፊዙ ፊቱ በራ። «ታዲያ ይሄማ ኢዕራብ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አንድ አልጋና ሁለት ታካሚ ያለበትን ጥያቄ ስንሰጠው ማን ቀድሞ ሊሞት ይችላል፣ ማን ሌላ ቦታ ቢላክ ይተርፋል፣ መረጃው ካልተሟላ ምን ይጠይቃል እያለ እንደ ኢዕራብ ደረጃ በደረጃ ወረደልን። ዓይንን በተመለከተ ግን ጊዜ አነሰን።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ቀላሉ ነው፦ «ለምን ሐኪም?» የነወዊን አርባ ሐዲስ የጀመረ ልጅ የመጀመሪያው ስለ ኒያ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ እኛ ከሁሉም የተሻልን መሆን ነበረብን። አይደለንም። ሁሉም ሰው «ሕዝቤን ለማገልገል» ይላል። ኮሚቴውም መልሶ «ነርስ ሆነሽ አታገለግይም ወይ? መምህር ሆነህስ?» ይላል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሕዝብን ማገልገል ለሁሉም ሥራ የሚሆን መልስ ነው። እኛም ድልድይ የምንሠራው ሕዝብ ለማገልገል ነው ስንል ማንም አያምነንም።

እህታችን መጀመሪያ ያንኑ አለች። ገፋ አደረግናት። ሁለተኛ ጊዜ «የእናቴ ምኞት ነው» አለች። አሁንም ገፋናት። አብረዋት የመጡት ሁለት እህቶች ሊቆጡን ደረሱ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። ጤና ጣቢያዋ በነበረች ጊዜ አንዲት እናት በቃሬዛ መጣች፤ ምጡ ቆይቷል። ከእሷ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ አብራት ሄደች። ተረኛው ሐኪም ወንድ ነበር፣ ጨዋ ሰው፣ ሥራውን የሚያውቅ። ሴትዮዋ ግን እንዲመረምራት አልፈቀደችም። ባልየው ይለምናል፣ ሐኪሙ ያስረዳል፣ እህታችን እጇን ይዛ «ይሄ ዶሩራ ነው፣ አላህ ፈቅዶልሻል» ትላታለች። ፈቀደች፤ ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እናትየዋ ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም። በዚያ ሃያ ደቂቃ ምክንያት ይሁን ከዚያ በፊት ባለፈው ሰዓት፣ ማንም ሊነግራት አልቻለም። «እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በላይ የምታውቅ ሴት ብትኖር ኖሮ እያልኩ ነው ሁለት ዓመት የተኛሁት» አለችን።

ይህን ኮሚቴው ፊት መናገር አልፈለገችም። ሃይማኖተኛ ብቻ አድርገው ያዩኛል፣ «ታዲያ ወንድ ታካሚ አታክሚም ማለት ነው?» ይሉኛል ብላ ፈራች። በዚህ ላይ እኛው ሁለት ሆንን። ሁለታችን «ኒያሽ ይህ ከሆነ ሌላውን መናገር ውሸት ነው» አልን። ሁለታችን ደግሞ «ፍራቻዋ ልክ ነው፤ እኛ እዚያ ወንበር ላይ አንቀመጥም» አልን። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ አላለቀም። መግሪብ አዛን አቋረጠን።

ለእህቶቻችን የሚመጡትን ጥያቄዎች ግን አብረን ለቀምናቸው፤ ለወደፊቱም ይጠቅማሉ። ወንድ ታካሚን ታክሚያለሽ ወይ? ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሒጃብሽስ? ሠላሳ ሰዓት ተረኛ ሆነሽ በረመዷን ትጾሚያለሽ? ታካሚሽ ሩቅያ ወይም ጸበል ነው የሚያድነኝ ብሎ መድኃኒት ቢተውስ? እነዚህን የሚጠይቅ ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዳንዱ ማወቅ ፈልጎ ነው፤ አንዳንዱ ስትቆጪ ምን እንደምትመስዪ ማየት ፈልጎ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ እንደምናውቀው ነው። መልሱ ለሦስቱም አንድ ነው፤ አጭርና ረጋ ያለ። የታመመ ሰው ሁሉ ታካሚዬ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ፀጉሩን ይሸፍናል፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ የሆነውን መልበስ ነው። ጸበል የሚለውን ታካሚ አልሳለቅበትም፤ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳይተው መድኃኒቱን እንዲውጥ እለምነዋለሁ። ዝርዝር የፊቅህ ጉዳይ ያለባት እህት አስቀድማ ኡስታዞቹን ትጠይቅ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ፈትዋ አይሰጥም።

ሌላ የታዘብነው ነገር አለ፤ «ስለ አካባቢህ የጤና ችግር ንገረን» ሲባል የኛ ልጆች ባዶ ናቸው። ሓፊዙ የቡታጅራ ልጅ ሆኖ የቡታጅራ ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ አያውቅም ነበር። እኛም ስንፈልግ ነው ያገኘነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና በዙሪያዋ አሥር ቀበሌዎች፣ ዘጠኝ የገጠር አንድ የከተማ፣ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና እንደሄደ ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ እናቶች፣ ስለ አእምሮ ሕመም ብዙ ጥናት ተሠርቷል። አያቶቻችን ደጃፍ ላይ ቆመው የመለሱት ጥያቄ ለስንት ሰው የማዕረግ ወረቀት ሆኗል፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ስለ ሰፈሩ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ትንሽ ያናድዳል። ያም ሆኖ ሓፊዙ በሁለት ቀን ውስጥ ከእኛ በላይ አንብቦት መጣ።

ቃለ መጠይቅ የፈረንጅ ነገር የሚመስለው ካለ ደግሞ ወደ ባግዳድ እንውሰደው። በ319 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 931፣ በከተማይቱ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ የሚል ወሬ ለኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ደረሰው። እሱም ማንም ሳይፈተን እንዳያክም አዘዘ፤ ፈታኙም ሲናን ኢብን ሣቢት ሆነ። የአባቱን ስም የሒሳብ ልጆች ሳታውቁት አትቀሩም፤ ስለ ሚዛን መጽሐፍ የጻፈው ሣቢት ኢብን ቁርራ ነው። ከ860 በላይ ሰዎች ፊቱ ቀረቡ። ከእነሱ መካከል አንድ ግርማ ያለው፣ ልብሱ ያማረ ሽማግሌ ነበር። ሲናን አክብሮ አስቀመጠው፤ ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቆ ከማን እንደተማረ ጠየቀው። ሽማግሌው ከእጅጌው በወረቀት የተጠቀለለ ዲናር አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠና ማንበብና መጻፍ በደንብ እንደማይችል፣ ግን ቤተሰብ እንዳለው፣ እንጀራውን እንዳይቆርጥበት ለመነው። ሲናን ሳቀ። የማያውቀውን በሽታ እንዳይነካ፣ ደም እንዳያወጣና የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳያዝ፣ ቀላል ነገር ካልሆነ በቀር፣ ብሎ በዚያ ቃል አሰናበተው። ሽማግሌውም ከሆምጣጤና ማር፣ ከጁላብ በላይ ለማንም አዝዞ እንደማያውቅ ነገረው። በማግሥቱ አንድ ወጣት መጣ። ከማን ተማርክ? ከአባቴ። አባትህ ማን ነው? ትናንት እዚህ የነበረው ሽማግሌ። ሲናንም ከአባቱ መንገድ እንዳያልፍ አስጠንቅቆ ሸኘው።

ይህን ታሪክ ለእህታችን የነገርናት ለማሳቅ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ያዘች። «ሽማግሌው የተለቀቀው የማያውቀውን ስለተናገረ ነው» አለች። (ዲናሩን ግን ረሳችው።)

እኛ እንደ ምህንድስና ተማሪ የምንቃወመው አንድ ነገር አለን። ኮንክሪት ስንፈትን በአንድ ኪዩብ አንወስንም። ሦስት ኪዩብ እንሞላለን፣ ውኃ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ በ28ኛው ቀን ሦስቱንም ሰብረን አማካዩን እንወስዳለን። አንዱ ኪዩብ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ቢሰበር ሕንፃው ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። አሥራ አምስት ደቂቃ ግን አንድ ኪዩብ ነው። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ይህን አይተው ይመስላል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንገዱን የቀየሩት፤ አመልካቹ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እየዞረ፣ በእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ፣ በየክፍሉ ከሌላ ፈታኝ ጋር ይነጋገራል። በአንዱ ክፍል ቢደነግጥ በሌላው ይነሳል። አንዱ ፈታኝ ባይወደው ሌሎች አሉ። ብዙ አገሮች ወስደውታል። ብዙ ሰው፣ ብዙ ክፍል፣ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ እዚህ ለምን እንዳልተስፋፋ መገመት አይከብድም። ቢሆንም ውሳኔው የሰው ዕድሜ ነውና ከኮንክሪት ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም እንላለን።

እህታችን ገባች። ምን ብላ እንደመለሰች ጠየቅናት። የቃሬዛዋን ሴት ነገረቻቸው፤ ሁሉንም፣ ሃያ ደቂቃውንም። እንደፈራችውም «ወንድ ታካሚስ?» አሏት። «ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ያከምኩት ግማሹ ወንድ ነው» አለች። ከሦስቱ አንዷ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለች ሐኪም፣ ብዕሯን አስቀምጣ ሕፃኑ በስንት ሰዓት እንደሞተ ጠየቀቻት። ቀሪው ጊዜ በሙሉ ስለዚያ ሌሊት ሆነ።

ሓፊዙ አልገባም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሙ አልነበረበትም፤ ምክንያትም አልተነገረውም፤ ለማንም አይነገርም። ከኮሚቴው አንዱ በመሐል «ትፈራለህ እንዴ?» ብሎት ነበር። «አልፈራም» አለ፤ ወደ ጠረጴዛው እያየ። ሲነግረን አልተማረረም፤ ቀደር ነው አለ። እኛ ተማረርን። የአልጋውን ጥያቄ ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ እያልን እስከ ዒሻእ ስንነጫነጭ አመሸን። የጠየቁት ግን ስለ ትርፍ ጊዜው ነው።

ዘንድሮ እንደገና ተመዝግቧል። በየቅዳሜው ከቡታጅራ መጥቶ ዓስርን ከእኛ ጋር ይሰግዳል። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ማየትን እያለማመድነው ነው፤ አደብም አይፈርስም፣ የሚያየውም ሰው ዓይኑን ያየው ይመስለዋል። አሁን ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ይሰበራል። ችግሩ ሦስታችንንም ስለለመደን አያፍረንም። ስለዚህ የማያውቀው ሰው እንፈልጋለን፤ በተለይ እንግሊዝኛው የቀና፣ ፊቱ የማይፈታ፣ የሦስተኛውን ወንበር የሚይዝልን። ከሕክምና አራተኛ ዓመት በላይ የሆነ ወንድም ቢገኝ ደግሞ እሰየው። ቅዳሜ ከዓስር በኋላ በሩ ክፍት ነው።